የሚነቀሉ ወንበሮች

ሎድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፤
መስኮቱ ይነዝራል አንዱ በተነሣ ቁጥር ወደ ሰማይ።
ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት፣ የቀዘቀዘ የናና ሻይ።
ኤልያኪም፣ አለቃዬ፣ እስክሪብቶውን እየነከሰ፣
«እስከ ሰኞ ምረጪልኝ» አለ፤ ወደ በሩ ገሠገሠ።

ከዚህ እስከ ሜልቦርን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፉ፦
አሥራ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር፤
ግማሹ ውሃ ነው፣ ቢደክሙ የማይታረፍበት አገር።

ሂሳቡ የሲራራ ሂሳብ ነው፤
ገብስ የጫነች በቅሎ ከጭነቷ እየበላች ስትሄድ፣
ገብሱን ለመሸከም ሌላ ገብስ ያሻታል በመንገድ።
ነዳጅም እንዲሁ፤ ማዶ ላይ አንድ ቶን እንዲተርፍ፣
ግማሽ ቶን ያህሉን አስቀድሞ ይበላዋል ክንፍ።

አንደኛው ሰፊው ነው፤ ሦስት መቶ ስድሳ ወንበር፣ ሆዱ እንደ ጎተራ።
ሲግሊት ከሂሳብ ክፍል ትወደዋለች፤ ወንበር ለእሷ ብር ነው፣ ሲቆጠር በተራ።
ግን በሐምሌ ቀትር፣ አስፋልቱ ሲለሰልስ፣ አየሩ ሲሳሳ፣
ሙሉ ጭነውት በጄ አይልም፤ እያቃሰተ ቢነሣ፣
ኮሎምቦ ላይ ይወርዳል፣ እንደ ከብት ውሃ ሊጠጣ።

ሁለተኛው ቀጭኑ ነው፤ ከሆዱ ሥር ትርፍ ጋን ያቀፈ፣
ክንፉ ረጅም፣ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ።
ይደርሳል። ሲመለስም፣ ነፋስ ፊቱን በጥፊ ሲለው፣
አሥራ ስምንት ሰዓት ተኩል ይችላል።
የሚችለው ግን
አርባ ሁለት ወንበር ሲነቀልለት ነው።

ደግሞ ሰንበት አለች።
ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ከሎድ ቢነሣ፣ ቀኑ ሳይመሽ፣
ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ነው፣ በእነሱ ክረምት፣ ፀሐይዋ ስትሸሽ።
አሥራ ሰባቱ በአየር፣ ሰባቱ በምድር መዞር የሄዱ፣
ሃያ አራት ልክ። አንዲት ደቂቃ የለችም ለደመና፣ ለመንገዱ።
አያቶቻችን ዓርብ ገና በቀትር ጭነት ያራግፉ ነበር፤
እኔ «ሐሙስ ከሰዓት አይበርም» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጣዩ መስመር።

ቀጣዩ መስመር ወንበሩ ነው።
እናቴ አስረበብ የመጣችው ወንበር በሌለው ነው።
ግንቦት ነበር። ሁሉንም ነቅለው፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈው፣
ሰውን ከሰው አጣብቀው፣
እሷን ማንም ሳይመዝናት፣ እቃ እንኳ ሳትይዝ፣
እኔ በጀርባዋ፣ የአሥራ አንድ ቀን ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከሩብ፤
የማንም ሠንጠረዥ ውስጥ አልገባሁም።

ያን ጊዜ የተነቀለው ሰው እንዲበዛ ነው፤
ዛሬ የምነቅለው ሰው እንዲያንስ ነው።
መፍቻው ያው መፍቻ፣ ብሎኑም ያው።

ቅዳሜ ማታ፣ ራምሌ፣ እናቴ ቤት፣ ላስረዳት ሞከርኩ።
የሱፍ ፍሬ ደረደርኩ፣ በረድፍ፣ መተላለፊያውን ትቼ፤
አርባ ሁለቱን ወደ ጎን ገፋሁ።
አንዱን አነሣች፣ ፈልፍላ በላች።
«እነዚህስ?»
«አይሄዱም።»
«ማን ነገራቸው?»
«እማ፣ ሰው እኮ አይደሉም፤ ወንበር ናቸው።»
«ወንበርማ እኔስ መች ነበረኝ» አለች፤
ቅርፊቱን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እሑድ ጠዋት ጽፌ አስገባሁ፦ ቀጭኑ ይሁን።
ምክንያት፦ ሙቀት፣ ነፋስ፣ ክብደት፣ ሰንበት።
የሚነቀል፦ አርባ አንድ።
ኤልያኪም በጣቱ ተከትሎ አነበበ፣ ቁጥሩ ላይ ቆመ፤
«ስሌቱ አርባ ሁለት ይላል።»
«አንዷን ከሻንጣ ቀንሼ ነው» አልኩት፤
«ሻንጣ ሳይዝ የሚመጣ ሰው አለ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሊጠይቀኝ ነበር።
መስኮቱ ነዘረ፤ ሻዩ ላይ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፤
ድምፁ እስኪያልፍ ሁለታችንም ዝም አልን።