የዴስክ ጥገና

ነሐሴ ሊወጣ፣ ዝናቡ ሳይገታ፣
ትምህርት ቤቱ ጠራኝ፣ ከላይ ከሂርማታ።
«አርባ ዴስክ ተሰብሯል» አሉኝ መምህር ታጁ፣
«እግሩ የወለቀ፣ መደገፊያው የላላ፤
ለመስከረም ይድረስ፣ ሂሳቡ በኋላ።»

በሁለት ጋሪ ጭኜ ቤቴ አወረድኩት፤
ከዋንዛው ጣውላ ጎን፣ ከሰጋቱራው ላይ፣
እንደ ታረዱ በጎች፣ እግራቸው ወደ ሰማይ።

ዴስክ ለሚያነበው ደብተር ነው፣ እመኑኝ፤
የደረቀ ማስቲካ፣ የፈሰሰ ቀለም፣
በልብ ተከብቦ የተሰረዘ ስም፣
«እዚህ የተቀመጠ አህያ ነው» የሚል፣
ለፈተና ስርቆት የማባዣ ሠንጠረዥ፣
ሰባት ጊዜ ስምንት — ያውም ተሳስቶ።
ብቻዬን ሳቅሁ። መዶሻዬን አነሣሁ።

ሃያ ሁለቱን ጠግኜ መስከረም ላይ ሰጠሁ።
ጥቅምት ሲጋመስ፣ «ቀሪውን ላምጣ ወይ?» ብዬ ብልክባቸው፣
መምህር ታጁ ራሳቸው መጡ፣ ዣንጥላ ተመርኩዘው፣
የጫማቸውን ጭቃ ከደጄ ድንጋይ ጠርገው።
«ተወው፤ ያው ይበቃል። የቀረው ይቀመጥ፣
የሚቀመጥበት ልጅ እስኪገኝ ድረስ።»

መዝገብ አልያዙም። በጣት ነው የቆጠሩት፦
«ጎማ ቡናው ቀልቷል፤ አራቱ ለቀማ።
ሁለቱ ባጃጅ ላይ፤ አንደኛው ይነዳል፣
ፍሬኑን ለመርገጥ ከወንበሩ ይወርዳል።
የነኢማ እናት መጥታ መሸኛ ስትለምን
ለሌላ ትምህርት ቤት መስሎኝ ፈረምኩላት፤
ልጅቷ አሥራ አራት፣ ፓስፖርቷ ሃያ ሦስት።
ጅዳ ገባች አሉ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ሌላ ጣት አጠፉ።
«አንድ ቤት ሄጄ ነበር፣ ልጁን ልመልሰው።
ታላቁ ተመርቋል፤ ፎቶው ከነቆቡ ግድግዳ ላይ አለ፣
እሱ በረንዳ ላይ፣ ጫት እየቀነጠሰ።
አባትየው ፎቶውንም ልጁንም አሳየኝና
‹መምህር፣ ትንሹንም እንዲህ ላድርገው?› አለኝ።
ምን ይባላል? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

እኔ ምጽ አልኩ። ስለ ባጃጁ ባለቤት ምጽ፣
ስለ ደላላው ምጽ፣ ስለ ዘመኑ ምጽ።
ሻይ አስመጣሁ። አልጠጡም። ጆሯቸው ጓሮ ሄደ።

ሸክ፣ ሸክ፣ ሸክ።

«ማነው?»
«ልጅ ነው» አልኩ፣ «የሚያግዘኝ።»
ዞረው ገቡ።

ሙዘሚል ነው፤ ስድስተኛ ለ።
ከቅንድቡ እስከ ጉልበቱ ሰጋቱራ ለብሶ
ተንበርክኮ ይፍቃል ከአንዱ ዴስክ ላይ።
ወረቀትስ ይዟል፤ የብርጭቆ ወረቀት።
መምህሩን ሲያይ ተነሣ፣ እጁን ወደ ኋላ፣
«እን-ደ-ምን አ-ደ-ሩ መም-ህር» አለ፣
ስድሳ ልጅ በአንድ አፍ የሚለውን
ለብቻው።

ጎንበስ ብዬ አየሁት የሚፍቀውን ነገር።
በምላጭ የተጻፈ ስም ነው። «ሙዘ» ጠፍቷል፣
«ሚል» ብቻ ቀርቷል።
በኔው ወረቀት፣ በኔው ደጅ፣
በቀን ስልሳ ብር ከምሳ ጋር።

ከመምህር ታጁ እጅ አንድ ያልታጠፈ ጣት ቀርቶ ነበር።
ወደኔ አልቀሰሩትም።
ዣንጥላቸውን ጨበጡበት፤ ወጡ።

«እሱን ተወው» አልኩት ልጁን።
«ገና እኮ ነው፣ ጋሼ። ይሻክራል።»
«ይሻክር።»

እናቱን አላናገርኩም። ምን ብዬ? አባቱ የለም፤
ታናናሾቹ ሦስት፤ ስልሳዋን ብር በየማታው
ቆጥራ የምትቀበለኝ እሷ ናት፣ መርቃ።

አሥራ ስምንቱ ዴስክ ከጣራዬ ጠርዝ ሥር ተቆልሏል።
ዶሮዬ ከአንዱ ደብተር ማስገቢያ እንቁላል ጥላለች።

ጠዋት ጠዋት ከላይ ቸርኬው ሲደወል
ሙዘሚል ወረቀቱን ያቆማል፣
እኔ መዶሻዬን፤
ማን ቀድሞ ሥራ እንደሚጀምር
እንተያያለን።