የአስታ አበባ

መኪና ግርግር ላይ፣ ከሦስተኛው ደጃፍ፣
እግሬ ከመርገጫው፣ ዓይኔ ከመርፌ ጫፍ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የጨርቅ ብናኝ ምጌ፣
ሳል ተከራይቶኛል ከደረቴ ግርጌ።
ኪራይ አይከፍለኝም፤ ሌሊቱን በሙሉ
ዕቃ ይጎትታል፣ አይለቀው አመሉ።

ሀሊሞ ነው ስሟ። ከጋራ ሙለታ
ሐሙስ ሐሙስ ወርዳ፣ በሸዋ በር ተርታ
ድንች ትሸጣለች። ሳሌን ሰማችና
የሻሿን ጫፍ ፈታች፣ ሚዛን ጣለችና።
አበባ ነው፤ ደቃቅ፣ ነጭ፣ እንደ ደወል፣
በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ የሚመስል።
«አስታ ነው» አለችኝ፤ «እንደ ሆጃ አፍላው፣
ወተት አታስጠጋው፣ ጨውም አታስነካው።»

ጠጣሁት። ሬት አይደል፣ ስኳርም አይደለም፤
ጉም ቢቀመስ እንጂ ሌላ አይመስለኝም።
ለሦስት ሌሊት ሳሌ ዕቃ ጠቀለለ፤
ልወጣ ነው አለ፤ አልወጣም፤ ደጅ ዋለ።
ጎረቤቴ አዩብ፣ ቁልፍ ቤት ቀዳጁ፣
«ንብ ሆንክ እንዴ?» ይላል፣ መቀስ ይዞ በእጁ።

እሑድ በአይሱዙ፣ ጆንያ ላይ ተኝቼ፣
ጋራው ላይ ደረስኩኝ ብርድ ተመትቼ።
አስታው ከሰው ቁመት ከፍ ይላል፤
ጉም ሲመጣ ይሰወራል፣
ጉም ሲሄድ ያንጠባጥባል።
ሀሊሞ ቀደመች፤ በሁለት ጣት ብቻ
ጫፍ ጫፉን ቀነጠሰች።
«ንብ ካለች እለፋት፣ ቀድማሃለች እሷ፤
ከአንድ ዛፍ አንድ እፍኝ፣ የቀረው ነው ምሷ።
ሥሩን ግን...»
አለችና ቁልቁል ዞር አለች።
ከአፋፉ ሥር ጭስ ትወጣለች።
ባሏ አሜ ነው፤ ጉድጓድ ምሶ፣
የአስታ ሥር ደርድሮ፣ አፈር አልብሶ፣
ከሰል ይጠብቃል።
«መስከረም ደረሰ፣» አለች፣ «ልጆቹ ዩኒፎርም...»
ይህንንም አልጨረሰችም።
ዩኒፎርሙን የምሰፋው እኔ ነኝ።

ሰኞ። መብራት ጠፋ።
የአባቴን ካውያ ከመደርደሪያ
አውርጄ ከሰል ሞላሁ፣ ከደጅ ማዳበሪያ።
እፍ አልኩት። ቀላ።
ሽታው ሲነሳ አወቅኩት፣
ያው የሐሙሱ ነው፣ በብርጭቆ የጠጣሁት።
ሳሌ ከደጅ ሆኖ አንገቱን አስገባ።
አርባ ቀሚስ አለ ያልተተኮሰ፣
እያንዳንዱ ስምንት እጥፋት።
ተኮስኩ። ምን ላድርግ።

ሐሙስ ሸዋ በር ሄድኩ። የድንቹን ዋጋ ጠየቅኳት፤
ሻሿን ልትፈታ እጇን ስትሰድ
«ሥሩን ግን...» ልላት ነበር፤
ሳሌ ቀደመኝ።