የዘጠነኛው ፎቅ ቁልፍ

በእኛ ሕንፃ፣ ግልዳኒ ላይ፣ ሊፍት በነጻ አይሄድም፤
አምስት ቴትሪ ካልጎረሰ ቢለምኑት አይሰማም።
ግድግዳው ላይ የቆርቆሮ ሣጥን አለች፣ አፈ ጠባብ፣
ቀጭ ብላ የምትውጥ፣ የማይለቃት ረሃብ።

ፂያላ ማስ ዘጠነኛ ላይ ናቸው፣ ከጣሪያው ሥር።
(«ማስ» ማለት መምህር ነው፣ ልጅ እየሮጠ ሲጠራው ባጭር።)
አርባ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣
ጠመኔ ጠጥቶ ጣታቸው፣ ነጥቶ እንደ በረዶ።

ደግ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ደግ አልነበሩም።
የመቀነስ ምልክት የረሳ ልጅ ምሕረት አያገኝም።
የእኔን ደብተር በመስኮት ወርውረውታል፣ አንድ ጥር፤
ወርጄ ከጭቃ ስለቅም፣ ገጹን ከላይ ሲቆጥሩ ነበር።
የቡኹቲ እናት አንዴ ማር ይዘው መጡ፣ ነጥብ ፍለጋ፤
ማሰሮው እደጅ አድሮ፣ ማንም ሳይነካው ነጋ።
ቡኹቲም ሰባተኛን ደገመ።

አሁን የሊፍት ጠጋኝ ነው። ብሎን ሲፈታ ያፏጫል፤
ስለዚያች ዓመት ሲጠየቅ ግን ፉጨቱ ይቋረጣል።

ባለፈው መጸው ጡረታቸው ዘገየ።
ማን አየ? ሁሉም አየ።
አምስተኛው ወለል ላይ ቦርሳቸውን አስቀምጠው፣
ድንች ነው፣ ሽንኩርት ነው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣
«አሥራ ስምንት በስምንት ስንት ነው?» ይሉታል የሚያልፍን ልጅ፤
ያቆማቸው ጥያቄው ነው፤ ድካምማ የለም በእሳቸው ደጅ።
(መቶ አርባ አራት። እስከ በራቸው ያለው ደረጃ።)

ሳንቲም ማን ይስጣቸው? ያን የማር ማሰሮ ያየ
እጁን ኪሱ ከተተና እዚያው ውስጥ አቆየ።

አንድ ማለዳ ቡኹቲ መፍቻውን ይዞ መጣ።
ሽፋኑን ፈታ፣ አንዱን ሽቦ ቆረጠ፣ ሌላውን አወጣ፣
ሳያፏጭ።
ከዚያ ቀን ወዲህ የዘጠነኛው ፎቅ ቁልፍ
ሳንቲም አይጠይቅም፤ ጣት ካረፈበት ሊፍቱ እልፍ።

እንግዲህ አስቡት፦ ስምንተኛ የሚኖር ሰው
ዘጠኝን ተጭኖ ወጥቶ አንድ ፎቅ ቢወርድ ማን ከለከለው?
ስብሰባ አልተጠራም፤ ወረቀት በር ላይ አልተለጠፈም፤
ዘጠኝን ግን አንድም ሌላ ጣት አልደፈረም።

ስምንተኛ ላይ ኖዳር አለ፣ የወይን ጠጅ ምርኮኛ፣
ፖሊሱን፣ ቄሱን፣ ዳኛውን «አንተ» ባይ፣ ምላሰኛ፤
እሳቸውን ሲያይ ግን ኮፍያው ቀድሞት ይወርዳል፣
«እርስዎ» ይላል አፉ፤ ከየት እንዳመጣው እሱም ይገረማል።
አንድ ሌሊት አየሁት፣ ሣጥኗ ፊት ተንበርክኮ፣
የወደቀች ሳንቲሙን ሲፈልግ፣ ወለሉን በጥፍሩ አክኮ፣
ዘጠነኛው ቁልፍ ከራሱ በላይ ቀይ እያበራ።

እሳቸው የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ሦስት ቀን አልፈጀባቸው።
ቡኹቲን ከሊፍቱ በር ላይ በመነጽራቸው
ከላይ እስከ ታች ለኩት።
«ሰባተኛ ላይ የነገርኩህን» አሉት፣
«አሁንም አልያዝክም። ከአንድ ወገን የቀነስከው
ከሌላውም ይቀነሳል። የሣጥኗን ጉድለት ማን ሞላው?»
አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ቀላ እንደ ልጅ ጆሮ።
ብሎኑን በመዳፉ አሸ፣ አንገቱን ሰብሮ፦
«እኔ፣ ማስ። ከኪሴ።
በሁለቱም ወገን ቀንሻለሁ።»

ዝም አሉ። ኮሌታውን አቀኑለት።
ማር ያልነካው ጣታቸው ዘጠኝ ላይ አረፈ፣ እፊቱ ቆሞለት።

እኔ ስድስተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት፣ ሌሊት፣ ኪሴ ባዶ፣
ከፈረቃ ስመለስ፣ ጉልበቴ እንደ ግንድ ከብዶ፣
ጣቴ ወደ ዘጠኝ ሄደ። ሊነካው ትንሽ ቀረው። ተመለሰ።
በእግሬ ወጣሁ፣ ከንፈሬ እየቆጠረ፣ ትንፋሼ እያነሰ።
በሬ ላይ ስደርስ ሰማንያ ዘጠኝ ወጣኝ።
አሥራ ስምንት በአምስት ግን ዘጠና ነው። አንዱ የት ጠፋብኝ?
መክፈቻዬን ከበሩ ነቀልኩ።
ተመልሼ ወረድኩ።