ለጠፈ፣ ለጠፋ

ቂርያት ጋት፣ የማትናሱ ምድር ቤት፣
ማቀዝቀዣው ለሚያንጠባጥበው ባልዲ ደቅኜበት፣
የአማርኛውን ክፍል የምይዘው እኔ ነኝ፤
ደመወዙ የግማሽ ቀን፣ ጣጣው የሙሉ፣ ማን አየኝ።

ሥራው ቀላል ነው፤ አንዴ እጽፋለሁ፣
እሱ ሦስት ቦታ ያደርሳል፤ መጋቢ እለዋለሁ፦
ወደየስልኩ፣ ወደ ድረ ገጹ፣ በር ላይ ወዳለው ሰሌዳ።
የክትባት ቀን፣ የሰግድ አውቶቡስ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የውሃ ዕዳ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ አቅጣጫው ነበር።
ለዕብራይስጥ ነው የተቃኘው፤ ከቀኝ ካልሆነ አይጀምር፤
አራት ነጥቤን ከጭራ አንስቶ ግንባር ላይ ያስቀምጣል፣
ሳልናገር ያስጨርሰኛል፣ አፌን በነጥብ ይዘጋል።
"ከግራ ወደ ቀኝ" የምትል ትንሽ ምልክት አገኘሁ፣ ነካሁ፤
ዓረፍተ ነገሬ ቤቱ ገባ። እፎይ ብዬ ሻይ ጠጣሁ።

ቀጥሎ ፊደሉ ባዶ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ፣
መብራት እንደጠፋበት ፎቅ፣ መስኮት በመስኮት፣ ሰው የማይወጣ።
ቅርጸ ፊደል ጫንኩበት።
ፎቁ በራ።

አቶ መርሻ ሲያርፍ ግን መጣ የእውነቱ ፍዳ።
ቄስ አስማረ ደወሉ፦ "ጠዋት ሦስት ሰዓት ለጥፊው፤ አስቀድሞ ዘመድ ይረዳ።"
ሦስት ብዬ ሞላሁ። ማሽኑን፣ ጎሕ ሲቀድ መቁጠር እንደምንጀምር፣ ማን ነገረው?
በእሱ ሦስት፣ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ አስጮኸው።

ስሙ ላይ "ሻ" "ሸ" ሆናለች። አረምኩ። እንደ አዲስ ላከ።
የአባቱን ስም አቃናሁ። እንደ አዲስ ላከ።
የመቃብሩን በር ቁጥር ጨመርኩ፤
እንደ አዲስ ላከ። እጄን ከሰሌዳው ላይ አነሳሁ።
ወደ ነቲቮት የሚመለሱ ለቀስተኞች ከመንገድ ዞሩ፣
"ሌላ መርሻ ነው ወይ?" እያሉ፣ ዳቦ ይዘው በር ላይ ተደረደሩ።

በሰባቱ ማግስት ወይዘሮ ትርንጎ ግድግዳ ተደግፋ ወረደች።
ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።
"ልጄ ሊሞር፣ መርሻዬ ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?
አንዱን እንኳ ገና አልቻልኩት፣ አራቱን የት ላድርገው?"

አፈርኩ። እያየችኝ ቅንብሩን ከፈትኩ፣ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፤
"ሲታረም እንደ አዲስ ይላክ" የምትል መስመር፣ ከሁሉ ታች አገኘሁ።
ምልክቷን አነሳሁ።
የሰዓቱን ክልል አየሁ፤ "ኢየሩሳሌም" ይላል፤ እሱስ ልክ ነው።
አነበብኩላት። "መርሻ በሱዳን በኩል በእግሩ ነው የገባው፤
አንቺ በጣትሽ ገባሽ?" አለች። ልትስቅ ነበር፣ ተወችው።

"ተስተካክሏል፤ ከእንግዲህ አይደግምም" አልኳት።
ዝም አለች። የባልዲው ጠብታ ብቻ ነበር የመለሰላት።
"ያ የሌሊቱስ?"
"የቱ?"
"የዘጠኝ ሰዓቱ፣ የመጀመሪያው።
ነቅቼ ነበር፤ አልጋው ግማሽ ሆኖብኝ፤ ስልኩ ጨለማ ውስጥ ስሙን አበራው።
ልጆቹ እንዳላዝን ብለው ስሙን አይጠሩም፤ እኔም እነሱ እንዳያዝኑ፤
ያንቺ ማሽን ብቻ ነው ያልፈራው። ለእኔ ይሳሳት ተይው፣ በዓመት አንዴ፣ በዕለተ ቀኑ።"

አዲስ ደንብ ከፈትኩ። ተቀባይ፦ አንድ ስልክ። ሰዓት፦ ሦስት፣ እንደ ስሕተቱ።
ቀኑ ላይ ተጣላን፤ እሷ በጨረቃ ትቆጥራለች፣ እሱ አያውቅም በልማቱ፤
እንግዲህ በየዓመቱ በእጄ ልሞላው ነው፣ እስካለሁ፣ እስካለች።
ለደንቡ ስም ሲጠይቀኝ "ለጠፈ" ልል ጣቴ ሳተች፣
"ለጠፋ" ብላ አረፈች።
አላረምኳትም።

እንዲህ ላለ ሥራ አይደለም ማትናሱ የሚከፍለኝ።
ባልዲው ሞልቶ ኖሯል። ልደፋ ተሸክሜ ወጣሁ፤ እሷ በሩን ያዘችልኝ።