ሊፍቱ ውስጥ

ኦስተንድ፣ ባሕሩ ዳር፣ ትራም ላይ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ
ዘፋኝ ሆነ ሊቨን፣ ፀጉሩን በቅባት አበጥሮ።
ድምፁ ለብ ያለ ወተት፣
ሰው ዓሣ እየበላ፣ ወሬ እያወራበት
የሚሰማው፤ ማንንም የማይቆጣ።
«ያስተኛል» ብሎ ቀለደ ጋዜጣ፤
እንቅልፍ ያጡት ግን ገዙት፦
የሌሊት ዘበኛ፣ አራስ፣ ባሏ መርከብ ላይ የሆነባት።

ትናንት ለጉሮሮው ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረው፤
ሊፍቱ ውስጥ የገዛ ድምፁ ከጣራው ተቀበለው፣
የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ።
ነርሷ ስልኳን ታያለች። ማንም ቀና አላለም።
አራተኛ ፎቅ፤ በሩ ተከፈተ። እሱ አልወረደም፦
ቀረጻው ዕለት ትንፋሽ ያጠረባት፣
ሰው ያላወቃት፣ እሱ ብቻ የሚያፍርባት
አንዲት ቃል ቀርታለች፤ ሊጠብቃት
ወደ ምድር ቤት ወረደ።

ላይ፣ ሐኪሙ ስሙን ሁለቴ ጠራ፤
ታች፣ ሊቨን አየር ሳበ፣ ከጎረምሳው ጋራ።