መስመር አራት መቶ አሥራ ሰባት

ሁለት ፋይል ነበሩኝ፣ ሁለቱም ተራ ጽሑፍ፣
አንዱ የደንበኛ ስም፣ አንዱ የቁጥር ሰልፍ።
ስሙን ረውዳ ጻፈች መዝገብ ቤት ተቀምጣ፣
ቁጥሩን ሸረፋ ይዞ ከሄርማታ መጣ።
ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ዝናቡ ያውቀዋል በስሙ፣
የየጓሮው ጭቃ ይወጣል እስከ ቅልጥሙ።
አለቃችን «እስከ ነገ ደረሰኙ ይውጣ» አሉ፣
ሺህ ሁለት መቶ ቤቶች ጠጥተው ያልከፈሉ!

እኔ ያለኝ አንድ ኮምፒውተር፣
ማራገቢያው ጅሬን ዳገት ላይ እንደተያዘ ባጃጅ የሚያቃስት፣
ሠንጠረዥ መሥሪያው ፈቃዱ አልፎበት
«አድሱኝ» እያለ በቀይ ጽሑፍ የሚነዘንዝ።
ተውኩት። ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፣
ዘጠኝ መስመር ስክሪፕት ጻፍኩ፦

ከዚህ አንድ ስም አንሣ፣
ከዚያ አንድ ቁጥር፣
መሃል ኮማ ሰንቅር፣
በሦስተኛው ፋይል አስፍር፣
ተመለስ፣ እንደገና ጀምር፣
እስኪያልቅ የስሙ መስመር።

ሌሊቱን አዌቱ ሞልቶ ከድልድዩ ሥር ያጓራል፣
በእኔ መስኮት ውስጥ ግን ነጭ ፊደል ይዘንባል፣
ስምና ቁጥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወርዳል።
ደስ አለኝ፤ ሰልፍን ከሰልፍ ማጣመር
ይህን ያህል ቀላል ነበር?
አተምኩና ቤቴ ገባሁ፣
እርጥብ ካልሲዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኛሁ።

ደረሰኙ ከተበተነ በሦስተኛው ቀን
በራችን ላይ ሕዝብ።
እትዬ ዘውድነሽ፣ የቦሳ አዲሷ፣
በቀን ሁለት ጀሪካን የሚበቃት ለራሷ፣
የመኪና እጥበቱ ሒሳብ ደርሷት
ወረቀቱን እንደ እባብ በጫፉ ይዛ፦
«ምኔን ነው ያጠብኩት? ስንት ሎንቺና?»
ለመኪና አጣቢው የልብስ ሰፊው ደርሶታል
(እሱ አልጮኸም፤ ከሩቅ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል)፣
ለልብስ ሰፊው የመስጊዱ፣
ለመስጊዱ የዳቦ ቤቱ፤
ከተማው ሁሉ
የጎረቤቱን ውሃ ጠጥቶ ነበር።

ወደ ኋላ ቆጠርኩ።
እስከ አራት መቶ አሥራ ስድስት ሁሉም ልክ፣ ስም ከነቁጥሩ።
በአራት መቶ አሥራ ሰባት፦ ያሲን አባ ዲኮ።
በሸረፋ ፋይል እዚያው ቦታ ላይ
ምንም የለም። ነጭ።
ስክሪፕቴ ባዶ አያነብም ለካ፤
እንደ ጉድጓድ ተራምዶት አለፈ፣
ከሥሩ ያለው ቁጥር ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ተገፋ፣
የመጨረሻዋ ደንበኛ ብቻ ምንም ሳይደርሳት ቀረች።

ሸረፋን ጠራሁት፣ ተናድጄ፦
«ዜሮ መጻፍ ያቅትሃል?»
ጃንጥላውን አራገፈ፣ ቀስ ብሎ፦
«ዜሮማ ገብቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ክዳኑን አንሥቼ
ቆጣሪው አልዞረም ስል ነው።
እኔ አልገባሁም። በሩ ቁልፍ ነው።
ሦስት ወሩ። ሆስፒታል ነው ይላሉ፣ ልጁ ጋ ሄደ ይላሉ፣
ውሻው እንኳ የለም።
ያላየሁትን አልጽፍም።
እሷ ባዶዋ መስመር
ማንኳኳቴ ናት።»

ምን ልበለው?
ማታ ተመልሼ ስክሪፕቱን ፈታሁ፣
ከማንበቡ በፊት መስመሩን ሁሉ አስቆጠርኩ፣
ሙሉውንም ባዶውንም ተራ ቁጥር አሸከምኩ፤
ቁጥር የያዘ ባዶ አይዘለልም።
ከተጣመረ በኋላ ሸክሙን ከትከሻው አወረድኩ።

እትዬ ዘውድነሽ ወደ ሁለት ጀሪካኗ ተመለሰች፣
መኪና አጣቢው ወደ ዕዳው።
ጠዋት ሸረፋ አንዲቱን ወረቀት ለብቻዋ አጥፎ
ኮቱ ውስጥ ከተታት፣ ዝናብ እንዳይነካት።
«ከበሩ ሥር አሾልካታለሁ» አለ፣
«መጀመሪያ ግን አንኳኩቼ።»

ወረቀቷ ላይ ያለው ይኸው ነው፦
ያሲን አባ ዲኮ፣