ሁለት ጣት እጥፋት

ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነጫጭ ክንፎች ቆመው
የአዳማን ነፋስ መብራት ያደርጋሉ፤
ከዚያ ሁሉ ነፋስ፣ ኦብሴ፣ ላንቺ ደረት
አንዲት ጉርሻ ትንፋሽ እንዴት ይነፍጋሉ?

ሌሊቱን ሲጢጥ ስትዪ አደርሽ፣
ዘይት እንደጠማው ሲንጀሬ።
ፓፉን ነቅንቄ፣ ጣቴን ቆጥሬ፣
«ያዢው… ያዢው… አሁን ልቀቂው።»

ሲነጋ ለዩኒፎርም ልለካሽ ብዬ
ሐኪሙ ማዳመጫውን በሚያሳርፍበት ሜትሬን ባዞር
ካምና ቁጥሩ አለፈ።
በሳምንቱ ደግሞ ከመታጠቢያው በር ጀርባ
«እማ፣ ደም» አልሽኝ፣ እንደ ጥፋተኛ።
ገና አስር ዓመትሽ።

ስምሽ ትዕግሥት ነበር በአባትሽ ቋንቋ፤
ገላሽ ግን ባቡር እንደሚያመልጠው ሰው…

«አስሙ ነው ያጣደፋት? መድኃኒቱ?
ወይስ የኔ የጨርቅ ብናኝ?»
ሐኪሙ እስክሪብቶውን ነከስ አድርጎ
«ይገናኙ ይሆናል፤ እኔ አላውቅም» አለኝ።
አለማወቁን ወደድኩለት።

ከቁርጥራጮቼ ለስላሳውን መርጬ ሰጠሁሽ።
ከዚያ የቀሚስሽን ጠርዝ፣
ለከርሞ ብዬ ያጠፍኩትን ሁለት ጣት
በምላጭ ተረተርኩ።
እጥፉ ውስጥ የነበረው ሰማያዊ
ፀሐይ አላየውም፤
ካውያ ብደጋግምበትም
መስመሩ አለ።